ቦታ የሌለው ድምፅ

ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ
ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ድንቄ እህቴ፣

ከራሴ በፊት ስለ እማ ዓይን። ፋሻው ስር አይቆጠቁጣትም ማለትሽ እንዴት ደስ እንዳሰኘኝ! ዶክተር ጸሐይወርቅም ሞራውን ከገፈፈችላት በኋላ «ቁስሉ እስኪሽር እንባ ጠላቷ ነው» ካለችሽ፣ እንግዲህ የተባባልነው ጸና ማለት ነው። የአቢሶን ማረፍ እማ የምትረዳው ዓይኗ ሲሽር ነው። እስከዚያ እዚያ የምታውቂው አንቺ ብቻ፣ እዚህ ደግሞ እኔና የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ነን። ጋሽ ደመላሽ «እናት ሳትረዳ ሬሳ ደጅ አይደርስም፤ ይቆይ» ብለው አስከሬኑ በቀዝቃዛው ክፍል እንዲቆይ አስደርገዋል። ወንድማችንም አብሮን ምስጢር እየጠበቀ ነው በይው።

በጽሑፍ ብቻ እንገናኝ ያልሽው ትክክል ነው። ብደውል እማ ከጎንሽ ሆና ከትንፋሼ ታውቅብኛለች።

«የድምፅ መልእክቱ አልቆብህ አንድ ቀን እንዳንጋለጥ» ላልሽው አትስጊ። የአቢሶ ስልክ እኔ ጋ ነው። ሱቁ ባለበት ቶኮዛ መብራት ሲጠፋ ኔትዎርኩም አብሮ ስለሚጠፋ ቀድቶ ያስቀምጥ ነበር። ታውቂው የለ፣ መልሶ ሲሰማው «አይ፣ ድምፄ ደክሟል» ይልና ሌላ ይቀዳል። ሳይልካቸው የቀሩ ሞልተዋል። እማ የማታውቃቸውን እየመረጥኩ እልካለሁ። «እማ እንዴት ነሽ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ሱቁም ደህና ነው» የሚል ብቻ።

አሮጌው ሄድፎኗ ባትሪው ሞተ ስላልሽኝ ሜይፌር ወርጄ ከሱሀይላ ሱቅ አዲሱን ሞዴል ገዛሁላት። ገመድ አልባ፣ ቀላል፣ ጆሮ የማያሞቅ። «የበፊቱ ዓይነት የለሽም?» ስላት «መሥራት አቁመዋል ወንድሜ፤ ይሄኛው ይሻላል ይላሉ፣ እንግዲህ እነሱ ናቸው የሚሉት» አለችኝ። ፋንታሁን ወደ ሆሳዕና ሊመጣ ስለሆነ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ።

አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። ዲፕሎማዬን ካረጋገጡልኝ ወዲህ የመጀመሪያው ጥሪ ነው። በዚህ መሐል ልቤ ዘለለ። ነውር ይሆን ድንቄ?

አሟሟቱን ደግመሽ ጠይቀሽኛል። ተኝቶ ነው አልኩሽ፤ ተኝቶ ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ፣ በናትሽ።

ወንድምሽ ምሕረቱ


ሆሳዕና
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምሕረት፣

ደስ ማለት ነውር አይደለም። እሱም ቢኖር ሱቁን ዘግቶ ከአንተ ጋር ይሄድ ነበር፤ «ወንድሜ ኢንጂነር ነው» እያለ በየታክሲው ሲያሳፍርህ። ቃለ መጠይቁ እንዴት እንደሆነ ጻፍልኝ።

ፋንታሁን ዕቃውን አድርሷል፣ ጌታ ይባርከው። እማ ሳጥኑን በጣቷ እየዳሰሰች ስትከፍተው እንደ ልጅ ሆነች። ደስታዋ ግን ጆሮዋ ላይ እስክታደርገው ነበር። የላክኸውን «ደህና ነኝ» ከፈትኩላት። ሰማችው፤ አወለቀችው፤ ጨርቅ እንደምትመርጥ ሴት ገለባብጣ ዳሰሰችው።

«ይሄ ዕቃ ልጄን ከሱቁ አውጥቶ የት ወሰደው?» አለችኝ።

«ምን ማለትሽ ነው እማ?»

«በአሮጌው እኮ ፍሪጁ ሲያጓራ እሰማለሁ። ልጆቹ ‹ማይ ፍሬንድ› እያሉ ሽቦውን ሲያንኳኩ፣ እሱ ‹ሳዎቦና› ብሎ ሰላም ሲላቸው፣ መኪና ሲያልፍ። በዚህ እሱ ብቻ ነው። ቦታ የለውም። ሰው ያለ ቦታ ይናገራል እንዴ?»

ሳቅሁባት። ከዚያ ራሴ አድርጌ ሰማሁትና ሳቄ ጠፋ። ድምፁ ከራሴ ጥርስ ሥር የሚናገር ያህል ቅርብ ነው፤ ዙሪያው ግን ባዶ። ትንፋሹን እንኳ ቆርጦ ጥሎታል። ከፀጥታው ብቅ ይልና ይናገራል፣ ተመልሶ ይገባል። ሁለተኛ ላደርገው አልፈልግም። እሷ ግን ሌላ ስለሌላት እያማረረች ቀኑን ሙሉ ጆሮዋ ላይ ነው። ማጥፊያ የለውም? አዲስ ብለው ከአሮጌው የባሰ የሚሠሩት ለምንድን ነው? አንተ የተማርከው ይህንኑ አይደል፣ አስረዳኝ እስቲ።

ሌላ፤ እማ «ስለዚያ ነገር ምን ወሰንክ በይልኝ፤ እሱ ያውቀዋል» ብላለች። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። መልስ ካላገኘች ትብከነከናለች፣ ከተብከነከነች ታለቅሳለች። ለስለስ ያለ ነገር ፈልገህ ላክ።

ድንቅነሽ


ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ
ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ድንቄ፣

ይቅርታ በይልኝ እማን። ጥፋቱ የዕቃው ነው፣ የእሷ ጆሮ ልክ ነው።

አዲሱ ሞዴል የንግግር ማጥሪያ የሚሉት ነገር ተጨምሮበታል። የሰው ድምፅ ነው ብሎ የገመተውን ያስቀራል፣ የቀረውን ቆሻሻ ነው ብሎ ይጥላል፤ ከውጭ የሚመጣውንም ሁሉ ይዘጋል። ለእማ ቆሻሻው ነበር ወንድማችን የሚኖርበት ቤት፤ ይህን ዕቃውን የሠሩት ሰዎች ከየት ይወቁት? መዝጊያ ይኖረው እንደሆነ ብዬ ሱሀይላ ሱቅ ሄጄ ማሳያውን አጠለቅሁት። ቀን ነው፣ ሜይፌር ነው፣ የታክሲው ጥሩምባ፣ አዛኑ፣ የሻጮቹ ጥሪ። ሁሉም ጠፋ። ሰው በሰው ላይ ይተላለፋል፣ እግር ኮቴ የለም። ያንቺ ስሜት ያን ጊዜ ገባኝ፤ ከተማው ሁሉ ከመስታወት ጀርባ የሄደ መሰለኝ። ሳወልቀው ሱሀይላ ስታናግረኝ ቆይታ ኖሯል።

«መልሽልኝ፣ ይሄ አይረባም» አልኳት።

«የተከፈተ ሳጥን አይመለስም። ደግሞ አንተ ብቻ ነህ፤ ሰው ሁሉ ፀጥታ ሊገዛ ይመጣል፣ አንተ ጫጫታ?»

ማጥሪያው አይዘጋም። በጣም ነው ያዘንኩበት። የበፊቱን ያገለገለም ቢሆን ፈልጌ እልካለሁ።

«ያ ነገር» የጣሪያው ቆርቆሮ ይመስለኛል፤ ከፋሲካ ጀምሮ ስትጨቀጭቀው ነበር። በአቢሶ ስልክ ውስጥ ልክ የሚሆን አገኘሁ፤ «እሺ እማ፣ አንቺ እንዳልሽው ይሁን። እኔ ደስ ይለኛል» ይላል። ያልተላከ ነው። ዛሬ ልኬዋለሁ፣ አሰሚያትና ትረፍ።

ቃለ መጠይቁ? ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዷ «ለምን አገርህ አልሠራህም?» አለችኝ። የመለስኩትን ስንገናኝ እነግርሻለሁ። ደስ ያላቸው ግን ይመስለኛል! ስልኬ በጮኸ ቁጥር እነሱ ናቸው እያልኩ ኔትዎርክ ወዳለበት ወደ ታች ደረጃውን እየሮጥኩ እወርዳለሁ፤ የፎቃችን ሊፍት እንደሆነ የሚሠራበት ቀን የለም።

ምሕረቱ


ሆሳዕና
ሐምሌ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምሕረት፣

ሰላምታ አልጽፍም፣ ይቅር በለኝ። ምን አድርገን ነው የተቀመጥነው?

«ያ ነገር» ጣሪያ አይደለም። ኤፍራታ ናት። የአቶ ሙሉቀን ልጅ፣ ጤና ጣቢያ የምትሠራው፤ አቢሶ ሲሄድ ገና በአጭር ቀሚስ ትሮጥ የነበረች። እማ ለካ ዓይኗ ከመታሰሩ በፊት ለአቢሶ በስልክ አንሥታለት ኖሯል። እሱም «ላስብበት» ብሏታል። አንተ የላክኸው «እሺ» መልሱ ሆኖ ተገኘ።

እኔ ለፈተና እርማት ትምህርት ቤት በዋልኩበት ቀን ሽማግሌ ሰብስባ ላከች። «ልጄ በገዛ አፉ እሺ ብሏል» ብላ ያን ሄድፎን በየተራ አስጠለቀቻቸው። እነዚያ ትልልቅ ሰዎች ባርኔጣቸውን እያወለቁ፣ ጆሯቸው ላይ እየጫኑ፣ «እሱ ነው፣ የአቢሶ ድምፅ ነው» እያሉ መሰከሩ። ሄደው ጠየቁ። አቶ ሙሉቀን «ሰጥተናል» አሉ። ነሐሴ 4፣ እሑድ፣ በጉባኤ ፊት እማ በእሱ ስም ቀለበት ልታደርግላት ነው። ደቡብ አፍሪካ ያለው ሁሉ እንዲህ አይደል የሚያጨው፤ ማንም አልገረመውም።

ምሕረት፣ አንዲትን ልጅ ለሬሳ አጨን።

እማ ሳቋ ተመልሷል። እንጀራ አምጡልኝ፣ ልብሴን እጠቡልኝ ትላለች። እንዴት አድርጌ ነው ይህን የማፈርሰው?

ደግሞ አንድ የማይገባ ነገር አለ። ያን መልእክት ደጋግማ ስትሰማ ቆይታ ጠራችኝና «መጨረሻው ላይ ‹በሩን ክፈቱልኝ› የሚለው ማንን ነው?» አለችኝ። እኔ በራሱ በስልኩ ሰማሁት። የለም። አዲሱን ማድረግ ግን ፈራሁ። አለበት እንዴ? አንተ ጋ ይሰማል?

ድንቅነሽ


ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ
ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ድንቄ፣

ይሄ ሁሉ ከእኔ እጅ ነው የወጣው። ስለ ጣሪያ ነው ብዬ ገምቼ የሰው ዕድል ላክሁ። ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ አላውቅም።

ስለ በሩ ጠይቀሻል። መልእክቱን በስልኩ ሰማሁት፤ በኮምፒውተር ከፍቼ ድምፁን በመስመር አየሁት። «እኔ ደስ ይለኛል» ይላል፣ መስመሩ ይተኛል፣ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም። ሱሀይላ ዘንድ ሄጄ በማሳያው ሄድፎንም ሰማሁት። ለእኔ አልተሰማኝም። ግን ሳወልቀው አንገቴ ላብ ነበር።

እንግዲህ የደበቅሁሽን ልንገርሽ፤ አለዚያ ለምን እንደፈራሁ አይገባሽም። አቢሶ ተኝቶ ነው ማለቴ ግማሹ ነው። ያን ሰሞን ቶኮዛ አጥንት የሚሰብር ብርድ ነበር፣ መብራትም የለም። የሰፈሩ ሰው በቆርቆሮ በርሜል ከሰል አቀጣጥሎ ይሞቃል፤ ኢምባውላ ይሉታል። አቢሶ ያን ወደ ሱቁ አስገባና ሌባ ፈርቶ በሩን ከውስጥ ዘግቶ ተኛ። እኔ ለዲፕሎማዬ ጉዳይ እዚህ ቤሪያ ነበርኩ። ጠዋት ዳቦ ሊገዙ የመጡ ደንበኞቹ ናቸው በሩን የሰበሩት። አልጋው ላይ አልነበረም። በሩ ሥር ነበር፤ እጁ መቀርቀሪያው ላይ።

ከእኛ ሰው ይህን የምናውቀው ጋሽ ደመላሽና እኔ ነን። ለአንቺ እንኳ አልተነገረም። እማ ከየት አመጣችው?

ኤፍራታ መስማት አለባት። ዛሬ ነገ ሳትዪ ንገሪያት።

ምሕረቱ


ሆሳዕና
ሐምሌ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምሕረት፣

ስለ እጁ የጻፍከውን አንብቤ የክረምት ማጠናከሪያ ክፍል ገብቼ ማስተማር አቃተኝ። ተማሪዎቹን ዝም ብላችሁ ጻፉ አልኳቸው። ለእማ ማን ነገራት ትለኛለህ፤ እኔን ትጠይቀኛለህ? «ጩኸቱ ስለጠፋ አሁን ጥርት ብሎ ይሰማል» ነው የምትለኝ። ከዚህ በላይ አልጠየቅኋትም።

ንገሪያት ማለት ቀላል ነው። ብነግራት አባቷ ያውቃሉ፣ እሳቸው ካወቁ እናቷ ትጮኻለች፣ ጩኸቱ በአጥር ዘሎ እማ ጆሮ ይደርሳል። ዶክተር ጸሐይወርቅ ፋሻውን የምትፈታው ነሐሴ 1 ነው። «እስከዚያ ካለቀሰች ዋስ አይደለሁም» ብላኛለች።

ኤፍራታ ራሷ ትናንት መጣች። እማ አልጋዋ ላይ አስቀመጠቻትና ሄድፎኑን ሰጠቻት። «እኔን አላስደሰተኝም፤ ለወጣት ጆሮ ይሆን እንደሆነ። ከባልሽ የመጣ ነው፣ ውሰጂው» አለቻት። መልእክቱን ወደ ስልኳ አሻገርኩላት፤ ልጅቷ አጥልቃ «እሺ እማ» የሚለውን ሰማች።

«እማማ፣ ድምፁ ያምራል» አለች በኋላ፣ «ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ።»

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«እሺ ያለው እርስዎን ነው። እኔን ምንም አላለኝም። አንዴ ስሜን ጠርቶ ያናግረኝ፤ ያን ጊዜ ቀለበቱን አደርጋለሁ። ካልጠራኝ አላደርግም። አባዬ እንደፈለገ ይቆጣ።»

ወደድኳት፣ ምሕረት። ቀጥ ያለች ልጅ ናት። እማ ግን ስትሄድ ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ «ልጄን ናቀችው» እያለች። ፋሻው ላይ እጄን ጭኜ እንዴት እንደለመንኳት! በመጨረሻ «ይጠራታል እማ፣ ይጠራታል» ብዬ አባበልኳት።

ስለዚህ ፈልግ። የሆነ ቦታ ኤፍራታ የሚል አይጠፋም፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ደንበኛ፣ የጓደኛ ልጅ። ከሌለም አንተ የተማርክ ነህ፤ ቆርጠህ ቀጥለህ ሥራልኝ። እስከ ነሐሴ 1 ብቻ። ለእማ ዓይን ብለህ።

ድንቅነሽ


ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ
ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ድንቄ እህቴ፣

ፈለግሁ። በስልኩ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሰማሁ፤ ለእማ የቀዳውን፣ ለእኔ የቀዳውን፣ ከጅምላ ሻጭ ጋር የተጨቃጨቀውን። ኤፍራታ የሚል ስም አንድ ቦታ የለም።

«ሥራልኝ» ላልሽው፤ እንደ ድሮ መቁረጥ መቀጠል እንኳ አያስፈልግም። የሰው ድምፅ አስገብተሽ የፈለግሽውን የሚያናግር አፕ አለ። ልዋሽሽ አልፈልግም፤ ከፈትኩት። የአቢሶን ድምፅ ጫንኩበት። «ምን እንዲል ትፈልጋለህ?» ብሎ ባዶ ሣጥን ዘረጋልኝ። የስሟን የመጀመሪያ ፊደል ጽፌ ተነሣሁ። ዘጋሁት፣ አፑን አጠፋሁት፣ የጫንኩትንም ደመሰስኩት። የአቢሶን ስልክ ዛሬ ከምሳ በኋላ ለጋሽ ደመላሽ አስረከብኩ፤ ዘግተው የቤተ ክርስቲያኑ ካዝና ውስጥ አስቀመጡት። «ጥሩ አደረግህ፣ እኛም ሳናስብ ብዙ አስቆየንህ» አሉኝ። ከእንግዲህ ከእኔ ወደ እናንተ የሚመጣ ድምፅ የለም። አንድም።

ድንቄ፣ የእማን ዓይን እኔም እፈልገዋለሁ። ግን ያቺ ልጅ የጠየቀችው ስሟን ነው። እሱን በሐሰት ከሰጠናት እሑድ ቀለበቱን ታደርጋለች፤ ካደረገች በኋላ በሰፈሩ ዘንድ ያላገባች መበለት ናት። ሠርግ ሳታይ ለቅሶ ትቀመጣለች፤ «እጮኛዋን የቀበረች» እየተባለች ትኖራለች። የእማ ዓይን ቢጎዳ ሐኪም አለ። ለዚህኛው ማን አለ?

ሐሙስ ፋሻው እንደተፈታ፣ ከማንም በፊት ሂጂና ለኤፍራታ ንገሪያት። ለእማ አርብ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎች ይንገሯት። እኔና አቢሶ ማክሰኞ እንገባለን፤ ትኬቱ ተቆርጧል።

ሥራውን አገኘሁ። ከቀብር ስመለስ እጀምራለሁ። ለእሱ ልነግረው ስልኬን አንሥቼ ነበር።

ምሕረቱ


ሆሳዕና
ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ምሕረት፣

ተፈጸመ። እንደ ቅደም ተከተሉ ልጻፍልህ፤ እኔም ስጽፈው ይገባኝ እንደሆነ።

ፋሻው ትናንት ጠዋት ተፈታ። እማ የዶክተሯን ፊት፣ ከዚያ የእኔን አየች፤ «ከስተሻል» አለችኝ። ቤት አድርሻት፣ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ወደ አቶ ሙሉቀን ቤት ሄድኩ። መንገድ ላይ የምላትን ሳጠና ነበር፤ «ኤፍራታ፣ ቁጭ በይ» ብዬ ልጀምር፣ ወይስ ቆመን ይሻላል እያልኩ።

ደጁ ክፍት ነበር። ወላጆቿ ገበያ ናቸው። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ጥቁር ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ። ሄድፎኑ ጭኗ ላይ ነው።

«ማን ሞተባችሁ?» አልኳት ደንግጬ። የራሴን ጉዳይ ረስቼ።

ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺም ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው አይደል?» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«እሱ ነዋ።»

ምሕረት፣ እዚህ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ፋንታሁንን ጠየቅሁት፣ አልሰማም። ሽማግሌዎቹን ገና አልነገርኩም ነበር።

«ምን አለሽ?» አልኳት። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ትናንት ሥራ ውዬ መጥቼ እንደ ልማዴ አጠለቅሁት። ‹እሺ እማ› የሚለውን ልሰማ ነበር። አላለም። ዝም፣ ዝም፣ ዝም አለና ‹ኤፍራታ› አለኝ። ‹ኤፍራታ፣ እኔን አትጠብቂ› አለኝ።» ከዚያ ፈገግ አለች ብልህ ታምነኛለህ? «ስሜን እንዴት አሳምሮ እንደጠራው» አለችኝ።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ለእማ ነገሯት። አልጮኸችም። ራሷን ወደ ጣሪያ ቀና አድርጋ፣ ዓይኗን ገልጣ፣ እንባው እንዳይወርድ ይዛ ቆየች። «እስኪመጣ አላለቅስም። ይቺ ዓይን አንዴ እሱን ማየት አለባት» አለች። ይኸው እስካሁን እንደዚያው ተቀምጣለች፤ ቤቱ በለቅሶኛ ሞልቶ እሷ ብቻ ደረቅ ናት። ኤፍራታ ከጎኗ ናት። ቀለበት ያላደረገች፣ ነፃ ልጅ ሆና፣ እጇን ይዛታለች። አባቷም «እንደ ፈቃዷ» ብለዋል። የፈራህላት አልደረሰባትም።

ልጅቷ አንድ ነገር ለምናኛለች፤ ያቺን መልእክት እንደገና መስማት ትፈልጋለች። በስልኳ ብንፈልግ የለም። እኔ ፈርቼ የነበረውን ሄድፎን አጥልቄ የላክኸውን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁ። የለም። የእማ ስልክም ከሐምሌ 12 ወዲህ ምንም አልገባም ይላል።

ያን አፕ መልሰህ ከፍተኸው ከሆነ አልቆጣህም። አዝነህላት ይሆናል፤ በሆነ መንገድ ልከኸው ይሆናል፤ እኔ ስለ እነዚህ ዕቃዎች ምን አውቃለሁ። ማክሰኞ እስክትመጣ አልጠብቅም፤ አሁኑኑ ጻፍልኝ። አንተ ነህ የላክኸው አይደል?

አንተ ነህ በለኝ፣ ምሕረት።

ድንቅነሽ